ማዕበሉ በሰንበት ሲመጣ

በዝማሬዎቻችን ውስጥ ማዕበል ምን እንደሆነ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ሁልጊዜ ጠላት ነው። ይነሣል፣ ጀልባችንን ያናውጣል፣ ጌታ ይገሥጸዋል፣ ጸጥ ይላል። በስብከታችንም እንደዚያው ነው። «በሕይወትህ ማዕበል ተነሥቶብሃል?» ብሎ የሚጀምር ስብከት ሰምቶ የማያውቅ ወጣት በመካከላችሁ ያለ አይመስለኝም። እኔ ራሴ በዚህ ጥያቄ የጀመርኳቸውን ትምህርቶች ቆጥሬ አልጨርሳቸውም። ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም፤ የገሊላው ታሪክ በወንጌል ተጽፏል። ነገር ግን አብዛኞቻችን ባሕር የሌለው አገር ልጆች ነን። ስለ ማዕበል የምናውቀው ከመድረክ የሰማነውን ነው።

ማዕበል እስኪመጣ የሚናፍቁ ሰዎችም በዓለም ላይ አሉ። ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው፣ ረጅም ሰሌዳ በብብታቸው ይዘው ወደ ባሕር ይወርዳሉ። በሰሌዳው ላይ በሆዳቸው ተኝተው በእጃቸው እየቀዘፉ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ እዚያም ተቀምጠው ይጠብቃሉ። የሚጠብቁት ማዕበል ሩቅ ባሕር ላይ በነፈሰ ዐውሎ ነፋስ የተወለደ፣ አንዳንዴም በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣ ነው። የውሃው ጥልቀት እየቀነሰ ሲሄድ ማዕበሉ ቀና ይላል፣ ይታጠፋል፣ ይሰበራል። በዚያች ቅጽበት ሰሌዳው ላይ ብድግ ብሎ የቆመ ሰው ለጥቂት ሰከንድ በውሃው ገጽ ላይ ይንሸራተታል። ሰርፊንግ የሚባለው ይኸው ነው። ማዕበሉን ማንም ሊሠራው፣ ሊያስቸኩለው ወይም ሊያስቀረው አይችልም። ይጠብቁታል፣ ሲመጣ ይቀበሉታል።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል ሃይማኖታቸውን አጥብቀው የሚጠብቁ አይሁድ ይገኛሉ። ጸሎታቸውን በሰዓቱ ያደርሳሉ፣ የተከለከለ ምግብ አይበሉም፣ ሰንበትን ያከብራሉ፤ በውሃው ላይም ወደ ፈጣሪያቸው የቀረቡ ያህል ይሰማቸዋል። ስለ እነርሱ ላጫውታችሁ የፈለግኩት ነገሩ እንግዳ ስለሆነ አይደለም። የእኛም የሆነ ጥያቄ ስለሚያነሡ ነው። ደስ የሚያሰኘኝ ነገር፣ ሳደርገው ወደ እግዚአብሔር የቀረብኩ የሚመስለኝ ነገር፣ በእርግጥ ወደ እርሱ እያቀረበኝ ነው? ወይስ ቀስ በቀስ ራሱ አምላኬ ሆኗል? በምን ለይቼ አውቃለሁ? ይህን ጥያቄ በሁለት ፊልሞችና በጥቂት ጥንታዊ የአይሁድ ሕግጋት በኩል አብረን እንመርምረው።

የመጀመሪያውን ፊልም ብዙዎቻችሁ አይታችሁት ይሆናል። «ሶል ሰርፈር» በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ የቤተኒ ሐሚልተንን እውነተኛ ታሪክ የሚተርክ ፊልም ነው። ቤተኒ በሃዋይ፣ በካዋይ ደሴት ያደገች ክርስቲያን ናት። በ2003 እ.ኤ.አ.፣ ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳለች፣ ሻርክ ግራ እጇን ቆርጦ ወሰደው። አንድ ወር ሳይሞላ ግን ወደ ውሃው ተመለሰች። ፊልሙን በየኅብረቱ ስናሳይ ከውይይቱ ይዘን የምንወጣው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ተስፋ አትቁረጡ፣ እግዚአብሔር የተወሰደባችሁን ይመልሳል የሚል። የወጣቶች መሪዋ ኤርምያስ 29፥11ን ስትጠቅስላት ሁላችንም «አሜን» እንላለን።

ፊልሙ ግን ከውይይታችን የበለጠ ነገር በውስጡ አለው። መጀመሪያ ላይ ያለውን ትዕይንት አስታውሱ። ቤተኒ ማዕበል ላይ ናት፤ በባሕሩ ዳርቻ በድንኳን ውስጥ አምልኮ ሊጀመር ነው። ከውሃው ወጥታ በእርጥብ ገላዋ ላይ ቀሚስ ጣል አድርጋ ትሮጣለች። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሌላ ነገር እናያለን። ከኅብረቷ ጋር ለአገልግሎት ወደ ሜክሲኮ ልትሄድ አስባ ነበር፤ የውድድር ልምምድ አለብኝ ብላ ትቀራለች። መሪዋ አትቆጣትም፤ ፊቷ ላይ ግን ሐዘን ይነበባል። ከዚያ አደጋው ይደርሳል። ከአደጋው በኋላ ቤተኒ የሱናሚ አደጋ ወደደረሰባት ታይላንድ ሄዳ ባሕር የፈራ ሕፃን እጅ ይዛ ውሃ ውስጥ ስታስገባ እናያለን።

በእኔ እይታ የፊልሙ ዋና ጥያቄ ያለው በእነዚህ ሦስት ትዕይንቶች ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ማዕበሉን ትተወዋለች። በሁለተኛው መተው አቃታት። በሦስተኛው ለሌላ ሰው ትሰጠዋለች። ድክመቱ ይህን ክር ጀምሮ መተዉ ነው። አደጋው ታሪኩን ሁሉ ይውጠውና ጥያቄው «ማዕበሉ ከተወሰደብኝ በኋላ እግዚአብሔርን አምነዋለሁን?» ወደሚል ይዞራል። ይህ ከባድና እውነተኛ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን በሻርክ የተነከስን? ለአብዛኞቻችን የሚቀርበው ጥያቄ ሌላው ነው። ማንም ሳይነጥቀኝ፣ ሁለት እጄ ደኅና ሳለ፣ ማዕበሉም እየመጣ ሳለ መተው እችላለሁን?

ሁለተኛው ፊልም «ሰርፍዋይዝ» የሚባል ዘጋቢ ፊልም ነው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ዳግ ፕሬይ ሠራው። ከመመልከታችሁ በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሻካራ ንግግሮችና ለታዳጊዎች የማይሆኑ ወሬዎች አሉበት፤ የኅብረት መሪዎች ቀድመው ሳያዩ እንዳያሳዩት። ታሪኩ የዶሪያን ፓስኮዊትዝ ነው። በ1921 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ፣ በጋልቨስተን ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ፤ በስታንፎርድ ሕክምና ተምሮ ሐኪም ሆነ። ኑሮው የተሟላ ነበር፤ ደስታ ግን አልነበረውም። ሥራውን ትቶ በ1956 እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል ሄደ። በቴል አቪቭ ባሕር ዳርቻ ሰሌዳውን ይዞ ወርዶ ለአገሩ ሰዎች ሰርፊንግን ያስተዋወቃቸው እርሱ ነው። በኋላ ከባለቤቱ ከጁሊየት ጋር ስምንት ወንዶችና አንዲት ሴት ወለዱ። ከልጆቹ አንዱን አብርሃም፣ ሌላውን እስራኤል፣ ሌላውን ሙሴ አላቸው። ሁሉንም በሰባት ሜትር ገደማ ርዝመት ባላት አንዲት የመኖሪያ መኪና ውስጥ አሳደጋቸው። ትምህርት ቤት አላስገባቸውም። የሚበሉትን እርሱ ይወስናል። ከባሕር ዳር ወደ ባሕር ዳር እየዞሩ ማዕበል መንሸራተት የየዕለት ኑሯቸው ነበር።

የፊልሙ ብርታት በአባትየው ላይ ለመፍረድ አለመቸኮሉ ነው። መጀመሪያ ላይ እንቀናለን። ፀሐይ፣ ባሕር፣ አብሮ የሚስቅ ቤተሰብ፤ የገንዘብ ባርነት የለ፣ የቢሮ ባርነት የለ። ከዚያ ልጆቹ ጎልማሶች ሆነው ይናገራሉ። ያለ ትምህርት ወደ ዓለም መውጣት ምን እንዳስከፈላቸው ይናገራሉ፤ የአባታቸውን ቁጣ፣ የእርስ በርስ ቅያሜያቸውንም እንዲሁ። አባትየው ልጆቹን ከዓለም ነጻ አወጣቸው፤ ከማዕበሉ ግን ነጻ የሚያወጣቸው አልነበረም። ያገኘው ነገር መልካም ነበር፣ እውነተኛም ነበር። መልካሙን ነገር ሕግ አደረገው። ሕጉ ደግሞ ማረፊያ አልነበረውም።

ሆኖም ለዚህ ሰው አድልዎ የሌለበት ሚዛን ይገባዋል። በ2007 እ.ኤ.አ.፣ በ86 ዓመቱ፣ በጋዛ ሁለት ወጣቶች አንድ ሰሌዳ ተጋርተው እንደሚንሸራተቱ በጋዜጣ አነበበ። በስጦታ የተሰበሰቡ ሰሌዳዎችን ይዞ እስከ ኤሬዝ መተላለፊያ ድረስ ሄዶ ለጋዛ ልጆች አስረከበ። እስራኤል የተባለው ልጁም ኦቲዝም ያለበት ልጁ በሰሌዳ ላይ ከእርሱ ጋር ሲሆን መረጋጋቱን አይቶ፣ ከባለቤቱ ጋር እንዲህ ያሉ ሕፃናትን ወደ ባሕር የሚወስድ «ሰርፈርስ ሂሊንግ» የተባለ ድርጅት አቋቋመ። ሰሌዳው በአባቱ እጅ የቤቱ ሕግ ነበረ፤ በልጁ እጅ ለሌላ ሰው ልጅ ምሕረት ሆነ።

አሁን ከፊልሞቹ ወጥተን ወደ አጥባቂው አይሁዳዊ እንሂድ። ስም የሌለው፣ በቴል አቪቭ የሚኖር፣ ሰርፊንግ የሚወድ አንድ ሰው በአሳባችን እናስቀምጥ። በእስራኤል የሥራ ሳምንት የሚጀምረው እሑድ ነው፤ ዓርብና ቅዳሜ ዕረፍት ነው። የሜዲትራኒያን ባሕር ደግሞ እንደ ውቅያኖስ ሰፊ ስላልሆነ ትልልቅ ማዕበል የሚመጣው በአብዛኛው በክረምታቸው፣ ዐውሎ ነፋስ ሲያልፍ ነው። ከመጣም ቶሎ ይሄዳል። ስለዚህ መልካም የማዕበል ቀን ጥቂት ነው፤ ሥራ የሌለበት መልካም የማዕበል ቀን ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። በታኅሣሥ ወር ዓርብ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። ከመጥለቋ በፊት ሻማ ይበራል፣ ሰንበት ይገባል። ቅዳሜ ማታ ከዋክብት እስኪታዩ ድረስ አይወጣም።

እንግዲህ ዓርብ ሌሊት ነፋሱ ተነሣ እንበል። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ምኵራብ ሲሄድ ባሕሩን ያያል። ወር ሙሉ የጠበቀው ማዕበል መጥቷል። ሃይማኖት የማይጠብቁት ጓደኞቹ ውሃው ውስጥ ናቸው። እርሱ ግን አይገባም።

ለምን አይገባም? በ200 ዓ.ም. አካባቢ የተሰበሰበው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ፣ ሚሽና፣ «ቤጻ» በተባለው ክፍሉ በምዕራፍ 5 በሰንበትና በበዓል ቀን ከማይደረጉ ነገሮች መካከል ዛፍ መውጣትን፣ በእንስሳ መቀመጥንና በውሃ ላይ መዋኘትን ይቆጥራል። ታልሙድ ምክንያቱን ሲያብራራ የሚዋኝ ሰው የመዋኛ ተንሳፋፊ ዕቃ ሊሠራ ይችላል ይላል። መጀመሪያ ሳነበው ሳቅኩ። ዋና የከለከሉት በዋናው ኃጢአት ስላለ ሳይሆን እጅ ሳያስበው ወደ መሥራት እንዳይሄድ ነው! በኋላ ግን ሰርፊንግን ሳስብ ሳቄ ቆመ። ሰሌዳ ይዞ የገባ ሰው፣ እግሩን ከሰሌዳው ጋር የሚያገናኘው ገመድ ቢበጠስበት፣ አያስረውምን? እነዚያ ጥንታውያን መምህራን የሰውን እጅ ያውቁ ነበር። የተከሉትም አጥር ነው፤ አጥር የሚተከለው ደግሞ ውድ ነገር ባለበት ዙሪያ ነው።

ያ ሰው ማዕበሉን ትቶ ምን ያደርጋል? ይጸልያል፣ ኦሪት ሲነበብ ይሰማል፣ ቤቱ ተመልሶ ከልጆቹ ጋር ማዕድ ይቀርባል። ሳምንቱን ሙሉ በሥራና በባሕር መካከል የሚሮጥ አባት በዚያን ቀን የትም አይሄድም። የፓስኮዊትዝ ልጆች አባታቸውን በባሕር ውስጥ ነበር የሚያገኙት። የዚህ ሰው ልጆች አባታቸውን ከባሕሩ ይቀበሉታል። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ልዩነት ለሰርፊንግ ያላቸው ፍቅር ማነስና መብዛት አይደለም። አንደኛው ቤት «ዛሬ አይሆንም» የሚል ቀን አለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኛ ለሰባኪዎች ትልቅ ትምህርት ነው። በሚሽና ውስጥ ማዕበል ምሳሌ ሆኖ አይደለም የሚመጣው። «ሚክቫኦት» የተባለው ክፍል ስለ መንጻት ውሃ ሲያስተምር አንድ ጥያቄ ያነሣል። ማዕበል ከባሕሩ ተለይቶ በሰው ላይ ቢወድቅ ሰውየው ነጽቷልን? መልሱ የተሰጠው በልክ ነው፤ በማዕበሉ ውስጥ 40 ሰዓ ውሃ ካለ አዎን። እንደ አሰላሉ ይለያያል እንጂ በዛሬ መለኪያ ከ300 ሊትር በላይ ማለት ነው። ታልሙድም ይቀጥልና፣ ማዕበሉ እንደ ቅስት ታጥፎ በአየር ላይ ባለበት ክፍሉ መንጻት አይቻልም፣ በአየር ላይ መጠመቅ የለምና ይላል። ሰርፊንግ የሚወዱ ሰዎች ከሁሉ አብልጠው የሚመኙት ያንኑ ከቅስቱ ሥር ያለውን ቦታ መሆኑን ሳስብ ፈገግ እላለሁ።

እነዚህ መምህራን «የሕይወት ማዕበል» ብለው አልጀመሩም። ማዕበሉን እንደ ማዕበል አዩት። ስንት ውሃ አለው? ከምን ጋር ተያይዟል? በየት በኩል ይነካል? እኛ ፍጥረትን ወዲያው ወደ ምሳሌ እንለውጠውና ራሱን ፍጥረቱን ሳናየው እናልፋለን። እግር ኳስ ምሳሌ ነው፣ ሩጫ ምሳሌ ነው፣ ማዕበል ምሳሌ ነው። ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ኳሱ ራሱ፣ ሩጫው ራሱ በእግዚአብሔር ፊት ምን እንደሆነ ለልጁ የነገረው የለም። መዝሙር 104፥26 ግን እግዚአብሔር በባሕር ውስጥ የሚጫወት ፍጥረት እንደሠራ ይናገራል። ለአንዳች ጥቅም አይልም፤ ይጫወትበት ዘንድ ነው።

ስለ ረቢ አኪቫ የሚተረክ አንድ ታሪክ በታልሙድ፣ «የቫሞት» በተባለው ክፍል ይገኛል። ረባን ገማልያል፣ የሐዋርያው ጳውሎስ አስተማሪ የነበረው የገማልያል የልጅ ልጅ፣ በመርከብ ሲሄድ ሌላ መርከብ ሲሰበር አየ። በውስጡ አኪቫ ነበርና አዘነ። ወደ ምድር ሲወርድ ግን አኪቫ ፊቱ ተቀምጦ ሕግ ይወያያል። «ማን አወጣህ?» ሲለው የመርከቡ ሳንቃ እንዳጋጠመውና ለመጣበት ማዕበል ሁሉ ራሱን ዝቅ እንዳደረገ ነገረው። ልብ በሉ፤ በሳንቃ ላይ ያለ ሰው ነው፣ ማዕበሉንም አልገሠጸውም። ማዕበልን የሚገሥጽ አንድ ጌታ ብቻ ነው። እኛ ሰዎች ነንና አንዳንዱ ማዕበል ሲመጣ ራሳችንን ዝቅ እናደርግለታለን፤ በአንዳንዱ ላይ እንቆማለን፤ አንዳንዱን ደግሞ ዳር ቆመን እናሳልፈዋለን።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ ይህ ነውና። ከጥቂት ዓመታት በፊት የወጣቶች ኅብረት እመራ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት እንሰበሰባለን። ኳስ የሚወድ አንድ ልጅ ነበረን፤ የሰፈሩ ቡድን ልምምድም ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። አንድ ቀን እኔ እያስተማርኩ ሳለ ዘግይቶ ገባ፤ ካልሲው አቧራ ለብሷል። በሁሉም ፊት «ወይ ኳስህን ወይ ጌታን ምረጥ» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣም። ከዚያ በኋላም አልመጣም። እውነትን በድፍረት የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

ከወራት በኋላ ጓደኛው ነገረኝ። ልጁ ያን ቀን ልምምዱ ሳያልቅ፣ አሠልጣኙ እየተቆጣው፣ ጥሎ ነበር የመጣው። ማዕበሉን ትቶ በእርጥብ ገላው ሮጦ ነበር የመጣው ማለት ነው። እኔ ያየሁት አቧራውን ብቻ ነው።

ከዚህም የሚብሰውን ልንገራችሁ። በዚያን ጊዜ እኔ ራሴ ሳምንቱን ሙሉ በቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ሰኞ ስብሰባ፣ ማክሰኞ ጥናት፣ ረቡዕ ጸሎት፣ ዓርብ አዳር፣ ቅዳሜ ኅብረት፣ እሑድ ሁለት ፕሮግራም። ባለቤቴ ራት ብቻዋን ትበላለች። ሲደክመኝ አንድ ቀን ላርፍ አስባለሁ፤ ከዚያ የሚያመሰግኑኝ ሰዎች ፊት ይመጣብኛል። ኳሱን ምረጥ ወይም ተው ያልኩት ልጅ ኳሱን መተው ይችል ነበር። አገልግሎቴን ለአንድ ቀን መተው ያልቻልኩት እኔ ነበርኩ። ከሁለታችን ጣዖት የነበረው ማን ነው?

አንዳንዶቻችሁ በዚህ ላይ ተቃውሞ ይኖራችኋል፤ ተገቢም ነው። «እኛ ከሕግ በታች አይደለንም፤ ቆላስይስ 2፥16 ስለ ሰንበት ማንም አይፍረድባችሁ ይላል። ታዲያ ለምን ወደ ሚሽና ትወስደናለህ?» እውነት ነው። የቅዳሜን አጥር መልሰን እንትከል አላልኩም። በመሲሑ ጉዳይ ከእነዚህ ሰዎች የምንለይበት ልዩነት ትንሽ አይደለም፤ ልሸፍነውም አልፈልግም። ነገር ግን ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ ለአጥባቂው አይሁዳዊ ሰንበት እኛ እንደምንገምተው ሸክም ብቻ አይደለም። ኢሳይያስ 58፥13 ሰንበትን ደስታ ብሎ ይጠራዋል፤ ሰዎቹም ቀኑን እንደ እንግዳ ንግሥት ይቀበሉታል። ሁለተኛ፣ ጌታችን ሰንበት ለሰው ተፈጠረ ሲል ሰው ማረፍ አያስፈልገውም ማለቱ አይደለም። የዕብራውያን ጸሐፊ በምዕራፍ 4 ለእግዚአብሔር ሕዝብ የቀረ ዕረፍት እንዳለ ይነግረናል። ከሕግ ነጻ ወጥተን በራሳችን ማዕበል ከታሰርን ነጻነታችን ምኑ ላይ ነው?

መተውም ራሱ ወጥመድ እንዳለው አልዘነጋሁም። በሉቃስ 18 ያለው ፈሪሳዊ የተወውን ምግብና የሰጠውን ዐሥራት እየቆጠረ ነበር የጸለየው። ማዕበሉን ትቶ ዳር ላይ ቆሞ የሚንሸራተቱትን የሚንቅ ሰው ከማዕበሉ አልተለየም፤ ሌላ ሰሌዳ ላይ ወጥቷል። ስለዚህ መለኪያው መተው መቻላችን ብቻ አይደለም። ከተውን በኋላ እጃችን ምን ያዘ? ልጆቻችንን? ባልንጀራችንን? ቃሉን? ወይስ የራሳችንን ምስጋና?

አይሁድ ታላቁን ባሕር ሲያዩ ፈጣሪን የሚባርኩበት አጭር ቃል አላቸው። ሥርዓቱ ግን አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ባሕሩን ሳያዩ 30 ቀን ማለፍ አለበት። በየቀኑ ባሕር የሚወርድ ሰው ይህን ቡራኬ አይልም። መጀመሪያ ሲሰሙት ፍትሕ የጎደለው ይመስላል፤ ከሁሉ አብልጦ ባሕሩን የሚወደው እርሱ አይደለምን? ነገር ግን ሁላችንም ከራሳችን እናውቀዋለን። በየቀኑ በእጃችን ያለውን ነገር እንወደዋለን፣ እንናፍቀዋለን፣ ስናጣው እንቆጣለን፤ አናመሰግንበትም። ምስጋና ትንሽ ርቀት ይፈልጋል።

ልጁን ባለፈው ዓመት ስልኩን ፈልጌ ደወልኩለት፤ ይቅርታ ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ረስቼዋለሁ» አለኝ። እንዳልረሳው ከድምፁ ገባኝ። አሁንም ኳስ ይጫወታል፤ ወደ ኅብረታችን አልተመለሰም። ቅዳሜ አንድ ቀን ጨዋታውን ልመለከት ልመጣ እንደምችል ጠየቅኩት። ዝም አለና «ይምጡ» አለኝ። ሄድኩ። በዚያን ቀን ትምህርቱን ሌላ ሰው ሰጠ፤ ኅብረቱም ያለ እኔ ደኅና ዋለ።

ያ በአሳባችን ያስቀመጥነው ሰው ቅዳሜ ማታ ከዋክብት ሲወጡ ሰንበትን ሸኝቶ ሰሌዳውን ያዘጋጃል። ባሕሩ ጨለማ ነው። እሑድ ጎህ ሲቀድ፣ የጸሎት ሰዓት ሲደርስ ይጸልያል፣ ከዚያ ይወርዳል። ነፋሱ ሌሊት አልፎ፣ ማዕበሉ ሄዶ፣ ውሃው ተኝቶ ሊያገኘው ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ሰሌዳውን ተሸክሞ ይመለሳል፤ የሥራ ቀን ነው። ትላንት ምን እንዳለፈው ያውቃል። በምን እንዳሳለፈውም ያውቃል።

በኅብረታችሁ ለመወያየት

1. ከዚህ በፊት «ሶል ሰርፈር»ን አይታችሁ ከሆነ፣ ቤተኒ ወደ ሜክሲኮ ሳትሄድ የቀረችበትን ትዕይንት ስታዩ ምን አሰባችሁ? እናንተስ እንዲህ ያለ ምርጫ ገጥሟችሁ ያውቃል?

2. ኳስ፣ መዝሙር፣ ትምህርት፣ ስልክ ወይም አገልግሎት ይሁን፣ ለአንድ ቀን መተው የሚያስጨንቃችሁ ነገር የቱ ነው? በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ቀን ተዉትና በተመለሳችሁ ጊዜ ምን እንደተሰማችሁ ለኅብረታችሁ ተናገሩ።

3. ካልሲው አቧራ ለብሶ ዘግይቶ የሚመጣ ሰው በኅብረታችሁ አለን? ምን ትቶ እንደመጣ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?